በአጎቴ ሱቅ ውስጥ የሚያልፍ መንገድ

ቂል መሆኔን አስቀድሜ ልንገርህና ይውጣልኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ ድንኳን ተሳስቼ አለቀስኩ።

አትሳቅ። እኔ የምኖረው ከተማው ጫፍ ላይ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። የሥራ ባልደረባዬ እናት አረፉ። እሱም እዚያው አካባቢ ነው የሚኖረው፤ ከወጥ ቤቴ መስኮት ሆኜ ሳይ የለቅሶው ድንኳን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ድንጋይ ብወረውር አናቱ ላይ ያርፍ ነበር። እኔ ግን ድንጋይ አይደለሁም። በመሃላችን መጀመሪያ የግንብ አጥር አለ፣ ከዚያ ቦይ፣ ከዚያ አውሮፕላን የሚያሳርፍ የሚመስል አስፋልት፣ እሱም መሃሉ በብረት የታጠረ። ስለዚህ መኪናዬን አስነስቼ እስከ አደባባዩ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ በድልድይ ሥር ሾለክኩ፣ እንደገና ዞርኩ። ስደርስ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ደረጃ፣ በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ እንኳ አንድ ዓይነት። ድንኳን አየሁና ገባሁ። ለቅሶ ላይ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ድምፄ አይታማም። «እናቴን! እናቴን!» እያልኩ ደረቴን መታሁ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ የሞቱት እኮ ወንድ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሾፌር» አሉኝ።

ምን ላድርግ? ተነሥቼ ብወጣ ነውር፣ ብቀመጥም ነውር። ተቀመጥኩ። «አባቴን» ብዬ ላስተካክለው አስቤ ነበር፤ ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን ስንት ወላጅ ይሞትበታል? ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። በኀፍረት አንገቴን ደፍቼ ፊቴን ከድንኳኑ ግድግዳ ጋር አጣበቅኩት። ሸራው ገና አዲስ ነው። ፀሐይ ያሞቀው፣ ውሃ ያልነካው ጨርቅ ምን ምን እንደሚል ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ፤ የወጣትነቴ ሽታ ነው። እዚያው ተቀምጬ መርካቶ ገባሁ፣ አጎቴ ሱቅ።

ያኔ የሌለ ጢሜን በየቀኑ የምላጭበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ከአጎቴ ጋር ጨርቅ እንሸጣለን። ሱቃችን ከሶማሌ ተራ ብዙም አይርቅም። አጎቴ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ ሜትሩን ያነሣል፣ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ አበቃ። የሱን ድርሻ ጨምሬ የማወራው እኔ ነበርኩ። «ይሄ ጨርቅ ሠርግ ላይ ቢለበስ ሙሽራዋ ትረሳለች» ስል ይሰማኝና ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞራል። ሳቁን ለመደበቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አፍሮብኝም ሊሆን ይችላል።

ከሱቃችን ጎን አንዲት መሹለኪያ ነበረች። ሰፈርተኛው «ትንፋሽ ያዝ» ይላታል፤ ወፈር ያለ ሰው ትንፋሹን ካልያዘ አያልፍባትም። የመርካቶ ዋና ዋና መንገዶች በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ። ከሱቆቹ ጀርባ ስትገባ ግን አንጀት ነው። ትንፋሽ ያዝ ያንን አንጀት ቆርጣ ከኛ ተራ ወደ ኋለኛው መንገድ ታወጣሃለች። ስትገባ የኛ አዲስ ጨርቅና የጎረቤታችን ማር ይሸትሃል። መሃል ላይ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ ከላይ የምታየው ሰማይ የመቀነት ስፋት ነው፣ የምን አለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጮች መዶሻ ከሩቅ ቀው ቀው ሲል ይሰማሃል። ጫፉ ላይ ስትደርስ ኮረሪማና በርበሬ ይቀበልሃል፣ አስነጥሰህ ትወጣለህ። ዓይኔን ብትጨፍነኝ የት እንደደረስኩ ባፍንጫዬ እነግርህ ነበር።

ከኛ በኩል ባለው ጫፍ ሱቅ የነበራቸው ማር ነጋዴው ጋሼ ነበሩ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ አንድ እግራቸው አይታጠፍም፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ማሩን ተከትለው የመጡ ንቦች መሃል መርካቶ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ያንዣብባሉ። እሳቸውን አይነኩም፣ እኔን ይነድፉኛል። በወዲያኛው ጫፍ የሚኖሩት ደግሞ ቅመም ነጋዴው ሐጂ ነበሩ፣ ጉራጌ ናቸው። ሁለቱ ወዳጅ የሆኑት እዚያችው መሹለኪያ ውስጥ ነው አሉ። መንገዷ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታሳልፈው፤ መሃል ላይ የተገናኘ ሰው አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። ሁለቱም ይሉኝታ የገደላቸው ሰዎች ናቸው።

«በሞቴ አንተ ቅደም፣ እኔ እመለሳለሁ» ይላሉ ጋሼ።

«ወላሂ አልቀድምህም! የምመለሰው እኔ ነኝ!» ይላሉ ሐጂ።

«በሞቴ አልኩህ እኮ!»

«ወላሂ አልኩህ እኔም!»

ከኋላቸው ጆንያ የተሸከመው ሰውዬ ይጮኻል፤ «ኧረ አባቶቼ፣ አንዳችሁ ቅደሙ! አንገቴ ደረቴ ውስጥ ገባ!» በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት እንደተሟገቱ አላውቅም፤ እኔ ሳውቃቸው ሁለቱም ሸብተው ነበር፤ ግን አንዳቸውም አልተሸነፉም። ማታ ማታ ሱቅ ሲዘጋ መሹለኪያዋ ውስጥ ሁለት ዱካ አስገብተው፣ ጉልበት ለጉልበት ተያይዘው በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የሚያልፍ ሰው ዳማውን ተራምዶ ነው የሚያልፈው። ተራምዶ ሲያልፍ ቆርኪ ያዛባ እንደሆነ ደግሞ ከጎጃምም ከጉራጌም ይረገማል።

መርካቶ ማበጥ የጀመረችው ያኔ ነው። ዕቃ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ ቦታ የለም። አንዱ መጀመሪያ ላስቲክ ይዘረጋል፣ ለፀሐይ ነው ይላል። ቀጥሎ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ለዝናብ ነው ይላል። ቀጥሎ ግድግዳ ይሆናል፣ ያኔ ምንም አይልም። የኛም ጨርቅ ቦታ አጣ፤ ጣቃው ተደርድሮ ተደርድሮ እኔ በጎኔ ነበር የምቆመው። አጎቴ እናቴንም ታናናሾቼንም የሚያስተዳድረው በዚያች ሱቅ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ እሑድ የመሹለኪያዋን አፍ ወደ ሱቁ ቀላቀላት። ከላይ ክዳን፣ ከኋላ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ። እኔም ምስማር መታሁለት፣ እያፏጨሁ። ሱቃችን ሰፋ! ደስ አለኝ። ከሰፈሩ ተው ያለን ሰው የለም፤ ሁሉም በየፊናው አንድ አንድ ስንዝር ወስዷል፣ በምን አፉ ይናገር?

ከዚያ በኋላ ሐጂ ቤት ለመሄድ ብሎኩን በሙሉ መዞር መጣ። ጤነኛ ሰው ሻይ እስኪፈላ ይደርሳል። ግን ያ መንገድ ከባድ መኪና ዕቃ የሚያራግፍበት ነው፤ ጋሪው፣ ጭቃው፣ «ገለል በል! ገለል በል!» የሚለው ተሸካሚ። ጋሼ አንድ ቀን ሞከሩት። ጋሪ ገፍቷቸው ጭቃ ውስጥ ወድቀው፣ ከዘራቸው ተሰብሮ በሰው ተደግፈው ተመለሱ። ሁለተኛ አልሞከሩም። ሐጂ ዓርብ ዓርብ ከሶላት መልስ ዞረው እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ከዚያ ሐጂ ታመው አልጋ ያዙ፣ መምጣቱም ቀረ። ሁለቱ ሰዎች ቢጠራሩ የሚደማመጡ፣ ግን የማይገናኙ ሆኑ።

ጋሼ አጎቴን ሰላም ማለት ተዉ። ጎን ለጎን ሱቅ ያለው ሰው ሰላምታ ሲነፍግህ ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም መርካቶ የዋለ ያውቀዋል። ጠዋት ሲከፍቱ ወደ እኔ ብቻ ዞረው፣ «አንተ ደህና አደርክ?» ይሉኛል። «አንተ» የምትለዋን ጠበቅ አድርገው ነው። አጎቴ ሜትሩን ይወለውላል። ምን እንደሚወለወል እንጃ።

ታዲያ አንድ ጠዋት የሐጂ ትልቁ ልጅ ሱቃችን መጣ። ላብ አጥምቆታል፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው። አቡጀዴ ፈለገ። እኔ አፌን ከፍቼ ስለ ጨርቁ ጥራት ልጀምር ስል አጎቴ በክርኑ ገፋኝ።

«ማን ነው?» አለው ልጁን።

«አባባ ናቸው። ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ላይ ሄዱ። ለቀትር ሶላት እናደርሳቸዋለን።»

አጎቴ መጨረሻ የሌለው የሚመስል የከፈን አቡጀዴ ለካ፣ ቆረጠ፣ አጣጥፎ ሰጠው። ልጁ ሊወጣ ሲል፣ «ዞረህ ነው የመጣኸው?» ብሎ ጠየቀው።

«በየት ልምጣ?» አለው ልጁ። ነገር ፈልጎ አይደለም፤ የእውነት መልሱ ነው። ቤታቸው ከመደርደሪያችን ጀርባ ነው። ልጁ ሄዶ እስኪሰወር ድረስ አጎቴ በዓይኑ ተከተለውና ወደ እኔ ዞረ።

«ሂድና ለባለማሩ ንገራቸው።»

«እኔ?!»

«አፍ ያለህ አንተ አይደለህ?»

መርዶ እንግዲህ ወግ አለው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰውየውን ያስቀምጡታል፣ ቀስ ብለው ይነግሩታል። እኔ ብቻዬን ገባሁ። «ጋሼ፣ ገበያ እንዴት ነው?» አልኩ። «ዘንድሮ ዝናቡ ለንብ ጥሩ ነው ይባላል» አልኩ። «ንቦቹ ግን ዛሬ አልነደፉኝም» አልኩ። ከአቡጀዴው የተረፈች ቁራጭ እጄ ላይ ቀርታ ኖሮ ሳላውቀው እጠቀልላታለሁ፣ እፈታታለሁ። ጋሼ እሷን ሲያዩ ቆዩ። ማር የሚቀዱበትን ጭልፋ ጣሳው ላይ ጋደም አደረጉት።

«ሐጂ?» አሉ።

ያን ጊዜ ብቻ ነው አፌ የተዘጋው። ራሴን ነቀነቅኩ።

አዲሱን ከዘራቸውን አንሥተው ቀስ እያሉ መጡና የሱቃችን ደፍ ላይ ቆሙ። ስንት ወር ያልረገጡት ደፍ ነው። እኔ ለከፈኑ የድርሻቸውን ሊገዙ የመጡ መሰለኝ። ሜትሬን አነሣሁና፣ «ስንት ሜትር ልቁረጥ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሜትርህን አስቀምጥ» አሉኝ። ከዚያ አጎቴን ሳያዩት፣ «አጎትህን ማለፍ ይቻላል ወይ በለው።»

አጎቴን ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። «ማለፍ ይቻላል ወይ ይሉሃል» አልኩት።

«ግድግዳ ነው በላቸው። ሰዎች ልጥራና ተሸክመው በዚያ በኩል ያድርሷቸው።»

«ግድግዳ ነው ይላል ጋሼ። ሰዎች ተሸክመው...»

«ሬሳው እኔ ነኝ እንዴ በለው!»

«ሬሳው እኔ ነኝ እንዴ ይሉሃል።»

በአንድ አማርኛ ሁለት የመርካቶ ሰው ያስተረጎምኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ጉዳይ የሥራ ልምዴ ላይ መግባት ነበረበት። ይሄኔ ከመደርደሪያው ጀርባ የሰው ድምፅ መጣ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ...» ይላሉ ብዙ ወንዶች ባንድ ላይ፣ ሊያነሷቸው ነው። ድምፁ ከኛው ሱቅ፣ ከጨርቁ መሃል የሚወጣ ይመስል ነበር። ጋሼ ከዘራቸውን ከደፉ አንሥተው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ።

አጎቴ ከመደርደሪያው አንድ ጣቃ መዞ ደረቴ ላይ ወረወረልኝ። ሌላ መዘዘ። ከዚያ ፊት ለፊት አያቸውና፣ «ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ» አላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ! ጣቃውን እኔ እቀበላለሁ፣ ወደ መንገድ አቀብላለሁ። ተሸካሚዎች ጭነታቸውን አስቀምጠው ተሰለፉ፣ ሊስትሮው መጣ፣ ጎረቤት መጣ። ጋሼ እንኳ ባንድ እጃቸው ከዘራ፣ ባንድ እጃቸው ቀይ ሳቲን ይዘው ያቀብላሉ። የዩኒፎርም ካኪ፣ የመጋረጃ አበባ፣ የሙሽራ ነጭ አስፋልቱ ላይ ተከመረ። አንዷ ሴትዮ ጎንበስ ብላ ሳቲኑን በጣቷ እየፈተነች፣ «ይሄ በስንት ነው?» አለች።

«ዛሬ አይሸጥም» አላት አጎቴ ከውስጥ።

«ታዲያ ለምን አወጣችሁት?»

አጎቴ መደርደሪያውን ነቅሎ በጉጠት ምስማሩን ይስባል፣ ምስማሩ ግን እምቢ አለ። እኔ የመታሁት ምስማር! በሕይወቴ አጠብቄ የሠራሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው፣ እሱም መፍረስ ያለበት ሆነ። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው፣ «ማነው? ሌባ!» ብሎ ጮኸ።

«እኛ ነን! ባለ ጨርቅ ሱቆቹ!» አልኩ። «ግፉ!»

እነሱ ገፉ፣ እኛ ጎተትን። ቆርቆሮው እላዬ ላይ ወደቀ፤ መርካቶን የሚያህል ጩኸት አሰማ። ከሥሩ ስወጣ ብርሃን ሱቃችን ውስጥ ገብቷል፣ ከብርሃኑ ጋር ኮረሪማ። አስነጠሰኝ። ባንድ ዓይኔ እያለቀስኩ ነበር፤ በቆርቆሮው ነው ብዬ አሳበብኩ።

ጋሼ በትከሻቸው ቀድመው፣ እግራቸውን እየጎተቱ በመሹለኪያዋ አልፈው ሐጂ ደጃፍ ወጡ። ጀናዛው ከቃሬዛው ጋር ተነሥቶ የሰው ትከሻ ላይ ነበር። ትልቁ ልጅ ሲያያቸው እጁን ዝቅ አደረገ፤ ቃሬዛውን አወረዱት። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጃቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉ።

«ሐጂ» አሉ፣ «ስንት ዘመን በሞቴ ብዬ ስለምንህ እምቢ ያልክ ሰውዬ። ዛሬ ቀደምክ።»

ጀናዛ እንደሚቸኮልበት ታውቃለህ፤ ተሸክመው ሲሄዱ ከኋላ ሮጥ ሮጥ እያልክ ነው የምትከተለው። ያን ቀን ግን ማንም ሳያዛቸው ልጆቹ እርምጃቸውን በጋሼ እግር ልክ አደረጉት። ኋለኛው መንገድ ላይ እስከቆመው መኪና ድረስ ቀስ ብለው ሄዱ። ጋሼ ከዘራቸውን ለኔ ሰጥተው የቃሬዛውን ጠርዝ ያዙ።

አሁን ያ ሁሉ የለም። ብሎኩ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ መስታወቱ ሰማይ ሰማይ ያሳይሃል፣ ከፊቱ ስትቆም የምታየው ራስህን ነው። ሰዉ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። የሐጂ ልጆች አንዱ በምሥራቅ ጫፍ፣ አንዱ በደቡብ። ጋሼን ልጃቸው ወሰደቻቸው፣ ከከተማው በሌላኛው ጫፍ። አንድ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ መስኮት ዳር ተቀምጠው፣ «እዚህ እኮ ሰው አያልፍም፣ መኪና ነው የሚያልፈው» አሉኝ። ሲያርፉ ተደወለልኝ። ታክሲ ቀያይሬ፣ አደባባይ ዞሬ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ተይዤ ስደርስ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነበር። ሰፊ ነው መንገዱ፣ አልክድም። ግን በዚያ ሰፊ መንገድ ላይ «አንተ ቅደም» ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ጡሩንባ ነው የሚነፉብኝ። እኔም እነፋለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ።

አጎቴም አርፏል። እሱን ሳስብ የሚመጣብኝ ግን የዚያ የሐጂ ቀብር ቀን አመሻሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ደራሽ በሱቃችን ውስጥ ሲያልፍ ዋለ። ጫማቸውን አውልቀው ሊያልፉ የሞከሩም ነበሩ፣ ሱቅ ውስጥ መሆኑ ከብዷቸው። አንዳንዱ አጎቴን እጅ ይነሣዋል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ያልፋል። ጋሼ ሲመለሱ ባጠገቡ ቆም አሉና፣ «እንደምን አመሸህ?» አሉት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አላቸው። ሌላ አልተነጋገሩም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨርቁን ከመንገድ ሰብስበን አስገባን፤ ግማሹ አቧራ ጠጥቷል፣ ሳቲኑ ላይ የሰው እግር ታትሟል። እኔ እንደ ጎበዝ ሠራተኛ መዶሻዬን አነሣሁ፣ ምስማር በከንፈሬ ያዝኩ፣ ቆርቆሮውን ወደ ቦታው ልመልስ አቆምኩት።

አጎቴ ጣቃ ክምር ላይ ተቀምጦ በክፍቱ በኩል ወደ ሐጂ ደጃፍ ያይ ነበር። እዚያ ፋኖስ በርቷል፣ ሰው ተቀምጧል። ሳይዞር፣ «ተወው» አለኝ። «ጨርቅ አየር ይፈልጋል። ይሻግታል።»